ቢጫው ድሪል

አናጺው ለአሥር ዓመት ከአረንጓዴው ብራንድ ሌላ የባትሪ ድሪል ነክቶ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ያሉትን አረንጓዴ ድሪሎች ሁሉ ሸጦ ቢጫውን ገዛ።

“ትርሲት ናት የመረጠችልኝ” አላት ሚስቱን። ትርሲት ከጎኑ ወርክሾፕ የከፈተች አናጺ ናት።

ሚስቱ ሸሚዝ እንኳ ቀይር ስትለው እሺ ብሏት አያውቅም። ሳምንት ሙሉ ስትብሰለሰል ሰነበተችና ትርሲት ዘንድ ሄደች።

“ባሌን ምን ብለሽ ነው ድሪሉን ያስቀየርሽው?” አለቻት።

ትርሲት መላጊያዋን አስቀመጠች። “የድሮው ከበደው፤ ቢጫው ቀለል ይላል። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ እኮ ስድስት ወሩ ነው።” የሚስትየዋን ፊት አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “አልነገረሽም እንዴ?”

“ነግሮኛል” አለች ሚስትየዋ። “መጀመሪያ የነገረው ለእኔ ነው።”