የእማማ ቶሎ ቦርሳ

ብዋሽ ምላሴን ይቁረጠው፤ ይህን ነገር ግን አታምኑም። ግድ የለም፣ አትመኑ። ብቻ ስሙኝ።

በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ፣ የድሃ ልጆችን የሚያበላና የሚያስተምር ማኅበር ነበር። አዳራሹ አንድ፣ ልጆቹ መቶ። ድስቱ በሬ ከነቀንዱ ቢገባበት የቀንዱ ጫፍ አይታይም። አስተባባሪዋ ከምሳ በፊት የምታደርሰው ጸሎት ደግሞ ከመርዘሙ የተነሳ፣ ሲጀመር ጺም ያልነበረው ሰው «አሜን» ሲባል ምላጭ ይፈልጋል። ሾርባው እስከዚያ ቀዝቅዞ ያንቀላፋል።

ከበጎ ፈቃደኞቹ ሁሉ ቀድማ የምትደርስ አንዲት አሮጊት ነበረች። ድሮ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ባሏም ልጇም ሞተውባት ብቻዋን ነው የምትኖረው። ቀሚሷ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሻሿ የነጣ ነው፤ ያያት ሁሉ ቤቷ ሞልቶ የተረፈ ይመስለዋል። ስምንት ልጆች የሚቀመጡበትን የመጨረሻውን ጠረጴዛ ይዛ ሾርባ ትቀዳለች፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ዳቦ ታድላለች፣ አፍንጫ ትጠርጋለች፣ «ቶሎ በሉ ልጆቼ፣ ቶሎ፣ ሳይቀዘቅዝ» ትላለች። ልጆቹም እማማ ቶሎ ብለው ሰየሟት።

እሷ ራሷ አትቀምስም። ግድግዳው ላይ «አገልጋይ ከልጆች ድስት አይበላም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። «እኔማ ቤቴ በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ልጆቹ ከምሳ በኋላ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ነበር። ማኅበሩ ልጅ ከመቀበሉ በፊት መዝጋቢ ልኮ ቤተሰቡን ቤታቸው ድረስ ያስጠይቃል፤ ጥያቄውን ልጆቹ ከስማቸው በላይ ያውቁታል። ከስምንቱ አንዷ፣ ወላቂት የሚሏት፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ስንጥር እንደ እስክሪብቶ ትይዝና ድምጿን አጎርንና እማማ ቶሎን ትመረምራለች።

«በቀን ስንቴ ይበላሉ?»

«አንዴ።»

«ጣሪያው ያፈሳል?»

«ያፈሳል።»

«የሚረዳዎት ዘመድ አለ?»

«የለም፣ ጌታዬ።»

አዋቂዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ወላቂት ግን መዝጋቢ አይስቅም ብላ ኮስተር እንዳለች፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ ቁጥር ጽፋ «ተመዝግበዋል» እያለች ትሰጣታለች። አሮጊቷም ካርቶኗን ስማ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች።

ነገር የተበላሸው በዘበኛው ነው። የዚህ ሰውዬ ዓይን ዝንብ ወንድ ትሁን ሴት ከአጥር ማዶ ይለያል። አንድ ቀን አስተባባሪዋን ወደ ጥግ ወሰዳት።

«እትዬ፣ የእማማ ቦርሳ ጠዋት ባዶ ሆዱን ነው የሚገባው። ሲወጣ ግን እርጉዝ ነው።»

«አፍህን ያዝ!» አለችው። እማማ ቶሎ ለእሷ እንደ እናት ነበረች። ቢሆንም ዕቃ ቤት ኃላፊውን ጠርታ ጠየቀችው።

«ከእኔ ዕቃ ቤት ፍርፋሪ አልጎደለም» ብሎ ማለ።

ፊቷ የጠቆረው ይህን ጊዜ ነው። ከዕቃ ቤት ካልጎደለ፣ የጎደለው ከልጆቹ እጅ ነው ማለት ነው።

«ለካ ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ የምትለው ወዳ አይደለም!» አለች ወጥ ሠሪዋ። «የዚያን ጠረጴዛ ሳህን አላያችሁም? ተልሶ ነው የሚመጣልኝ። ለማጠብ እንኳ አያደክመኝም። ልጆቹ አልጠገቡም!»

አስተባባሪዋ ሦስት ቀን ስትብሰለሰል ከረመች። የልጅ ምግብ የነካ ሰው ከግቢው ይባረራል፤ ይህን ሕግ ያወጣችው ራሷ ናት። እማማ ቶሎ ደግሞ ከዚያ ግቢ ሌላ መሄጃ አልነበራትም።

አርብ ዕለት ልጆቹ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ እየተረባረቡ አሮጊቷን አቅፈው ተሰናበቷት። ስምንቱ አንዴ ሲያቅፏት ከሻሿ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ልትወጣ ስትል አስተባባሪዋ ጠራቻት።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቦርሳዎን ይክፈቱት።»

«ምነው ልጄ?»

«ይክፈቱት።»

ዘበኛው ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። መነጽር። መርፌና ክር። የካርቶን ቁራጭ። ስምንት ግማሽ ዳቦ። አንደኛው ላይ የልጅ ንክሻ አለ፤ ግራና ቀኙ ተነክሶ መሀሉ ቀርቷል።

 አሮጊቷ ዳቦውን አየች፤ ከዚያ አስተባባሪዋን። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እግዜር ይስጥሽ ልልሽ እኮ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት፣ ልጄ።»

«ስለ ምኑ ነው የሚያመሰግኑኝ?» አለች አስተባባሪዋ።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ ቦርሳዬ ውስጥ የምትከቺልኝ?» አለች እማማ ቶሎ።

«ወይ ዓይን አውጣ!» አለች ወጥ ሠሪዋ። «ከሕፃን አፍ ነጥቃ፣ ደግሞ ታመሰግናለች!»

አስተባባሪዋ እጇን ዘረጋች። 

«የአገልጋይነት መታወቂያዎን ይስጡኝ፣ እማማ። ከሰኞ ጀምሮ እንዳይመጡ።»

አሮጊቷ ደረቷ ላይ የተሰካውን መታወቂያ ልትፈታ ታገለች። ዕድሜዋን ሙሉ መርፌ የታዘዘላት ሴትዮ አንድ መርፌ ቁልፍ እምቢ አላት። የረዳትም የለም።

ይህን ጊዜ ወላቂት በዘበኛው እግሮች መሀል ሾልካ መጣች። የካርቶኗን ቁራጭ ከጠረጴዛው ላይ መንትፋ አስተባባሪዋ አፍንጫ ሥር ደቀነችው።

«ይተዉአት፣ እትዬ! ዳቦው የራሷ ነው! እኛ መዝግበናታል!»