ትርፍ ባል

ደርሶልኝ በወጥ ጨው አኩርፎ ጓደኛው ቤት ሰነበተ። ሚስቴ ሽማግሌ ትልክብኛለች ብሎ ቢጠብቅ ማንም ዝር አላለም። ኩርፊያውን ዋጥ አድርጎ ቤቱ ሲመለስ፣ የማያውቀው ሰው የእሱን ነጠላ ጫማ ተጫምቶ ሽንኩርት ይልጣል።

«ማነው ይሄ?»

«ባሌ ነዋ» አለች ሚስቱ አስካለ ሳቋን አፍና። «ከሳሪስ አኩርፎ የወጣ ነው። የከተማውን ቤት ሁሉ የሚያስተዳድረው ማሽን እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ መሆኑን ረሳኸው? አንዱ ሲወጣ ቀጣዩን ያስገባል። ‹ጎደለ ወይ?› ይላል እንጂ ‹ማን ሄደ?› አይልም። እዚህ ቤት አንድ ባል ተብሎ ተነግሮታል።»

«ይኸው መጣሁ፤ እሱ ይሂድ።»

የአስካለ ሳቅ ጠፋ። «ትርፍ ሲኖር የሚወርደው መጨረሻ የገባው ነው።»

ደርሶልኝ እንግዳውን ሲገላምጥ ቆየና ድንገት ገባው። መጨረሻ የገባው እሱ ራሱ ነው።

«ኮልፌ አንድ ባል፣ ኮልፌ አንድ ባል» እያለ ማሽኑ ከግድግዳው ውስጥ ተጣራ።

አስካለ ነጠላ ጫማውን ከእንግዳው እግር አስወልቃ በፌስታል ጠቀለለችለት። ዓይኗ እንባ ቋጥሯል፤ ሽንኩርቱን የሚልጠው ግን እሷ አልነበረችም።

«እዚያ ደግሞ» አለችው፣ «በጨው እንዳታኮርፍ።»