ካሬው ሲቀርብ

የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር የወንድሜን የመኳንንትን ፊት ፎቶ ውስጥ ካገኘ ዙሪያውን ካሬ እንዲያሰምር ያስተማርኩት እማዬ ለምናኝ ነው። መኳንንትን በሰባ ዓመተ ምሕረት ከቤት ወሰዱት፤ አልተመለሰም።

እሁድ እሁድ በራችን ላይ ቆሜ ወደ አየር ጤና የሚወስደውን መንገድ ፎቶ አነሳለሁ። መጀመሪያ ፌርማታው ጋ፣ ሰው በሌለበት፣ ሽምብራ የምታክል ካሬ ወጣች።

“ማሽኑ ተሳስቶ ነው” አልኳት እማዬን።

በሳምንቱ ወደ ቤታችን ቀረብ የሚለው ወፍጮ ቤት ጋ ደረሰች፤ ሰፍታለች። ፊት ሲቀርብ ካሬው ይሰፋል። ባለፈው ሳምንት ፎቶውን ሙሉ ያዘው።

በዚህኛው ሳምንት ፎቶ ላይ ግን ምንም የለም።

“አሁንም አጣነው!” ብዬ አለቀስኩ።

እማዬ አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ተነሥታ በሩን ዘጋች።

“እስቲ ካሜራውን ወደ ውስጥ አዙሪው” አለችኝ።