የሰፋው ቀሚስ

ሐኪሙ በትርንጎ አንጀት ላይ የወጣውን እጢ አይቶ፣ «ክፉ አይመስልም፤ ጊዜ አለን» አላት። «በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ ነው የምንሠራልዎት። ግን ሆድዎ ላይ ያለው ስብ መንገድ ይዘጋብናል። መጀመሪያ ክብደት ይቀንሱ።»

ባሏ የሐኪሙን ቃል መሬት ጠብ አላደረገም። ከቤት ቅቤ የሚባል ነገር አጠፋ። ሊጠይቋት የሚመጡ ዘመዶች የያዙትን ገንፎና ጨጨብሳ ከደጅ መለሰ፤ «ሚስቱን በረሃብ ሊፈጃት ነው» ሲባልም ዋጥ አደረገው። እሱም አብሯት ጎመን በጎመን ሆነ። የሱ ቦርጭ ንቅንቅ አላለም። የሷ ቀሚስ ግን እየሰፋት፣ ቀለበቷም ከጣቷ እየሾለከ ሄደ። ባያት ቁጥር ደስ ይለው ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሚዛን ላይ ስትወጣ ሐኪሙ ፊቱ በራ። «ጎበዝ! እንዲህማ ከሆነ ነገ ዛሬ ሳንል እንሠራለን።»

«አመጋገቧን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ ባሏ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ትርንጎ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። «እንግዲህ ሐኪም ፊት አይዋሽም። አንተ ሥራ ስትሄድ እኔ እህቴ ቤት ነበርኩ። ክትፎው ቢሉ፣ ጨጨብሳው ቢሉ፣ ምን የቀረብኝ አለ? ያቀለለኝ እግዜር ነው!»

ባሏ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ጉድ ሠራሽኝ!» እያለ ጭኑን ይመታል።

ሐኪሙ ተነስቶ በሩን ዘጋው። ከዚያ ወንበሩን አስጠግቶ ትርንጎ ፊት ተቀመጠ።

«እየበሉ ነው እንዲህ የከሱት?» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ባሏ ገና እየሳቀ ነበር።