ማሪዮን ለልጇ የተወችው

ኤፊ በፋይፍ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ቤተ ክርስቲያን፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የአሥራ ሰባተኛውን ክፍለ ዘመን የደብር መዝገብ ስታነብ ጣቷ ድንገት አንድ መስመር ላይ ቆመ። ታላቅ ወንድሟ አርቺ አጠገቧ ነበር። ጠንቋይ ተብላ ለተቃጠለችው የጥንት አያታቸው፣ ለማሪዮን፣ የመታሰቢያ ድንጋይ ሊያቆም ቆርጦ ተነሥቷል።

«ያን የመሰከረባትን ሰው አገኘሽው አይደል? ስሙን ድንጋዩ ላይ አስቀርጬ ዘር ማንዘሩን ነው የማዋርደው!»

«ተው አርቺ፣ ይቅርብህ።»

«ምኑ ነው የሚቀርብኝ? አንብቢው እንጂ!»

«የመሰከረባት ልጇ ቶማስ ነው። የእኛው ቶማስ፤ እኛ የምንወለደው ከእሱ ነው።»

አርቺ ጎንበስ ብሎ መስመሩን ራሱ አነበበው። ውጭ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድብ ነበር።

«ሌላስ ምን ይላል?» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ሰልሎ።

«ወደ እሳቱ ሲወስዷት ካባዋን አውልቃ፣ ‹ለቶማስ ስጡልኝ፣ ልጄ ብርድ አይችልም› ብላለች።»

አርቺ ተነሥቶ ወደ በሩ አመራ። ኤፊ ካፖርቱን ይዛ ተከተለችው። ትከሻው ላይ ልትጥልለት ስትል ግን እጇን ቀስ ብሎ ገፋና በሸሚዙ ብቻ ዝናቡ ውስጥ ገባ።