ጎንደር ሦስተኛ የወጣችበት አርብ

«ሁለተኛስ?» አለ ክብሮም ከመሰላሉ ላይ ሆኖ። ብሩሹን ቀዩ ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ ትርፉን በቆርቆሮው አፍ ላይ ጠርጎ፣ እጁን ከግድግዳው ትንሽ አርቆ ይጠብቃል።

መምህር ቢረሳው ከታች መሰላሉን በሁለት እጁ ይዟል። የመሰላሉ አንድ እግር አጭር ስለሆነ ካልያዙት ይወዛወዛል። ግድግዳው ላይ «የኢትዮጵያ ታላላቅ ከተሞች በሕዝብ ብዛት» የሚል ርእስ ተጽፏል፤ ከሥሩ «1ኛ አዲስ አበባ»። በእሷ ማንም አይጣላም። መከራው ያለው ከዚያ በታች ነው።

ቢረሳው ካርቱም ዴም በሚባለው ሰፈር በተከራያት በዚህች አንድ ክፍል የስደተኛ ልጆችን አማርኛና ጂኦግራፊ ሲያስተምር ስምንት ዓመቱ ነው። የግድግዳውን ጽሑፍ በመስኮት የሚገባው ፀሐይና የአሸዋ ነፋስ በየዓመቱ ይበሉታል፤ በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ትምህርት በሌለበት አርብ፣ የሰፈሩ ታፔላ ጸሐፊ ክብሮም ይመጣና በነፃ ያድሰዋል። በነፃ ይባል እንጂ የራሱን ድርሻ ሳይወስድ ወርዶ አያውቅም። የትውልድ ከተማው አስመራ ሁለተኛ ናትና፣ እሷ ላይ ሲደርስ ፊደሉን ከሌሎቹ በአንድ ጣት ያስረዝመዋል። አራተኛ የምትጻፈው የጎንደር ልጅ ቢረሳው በዚያች አንድ ጣት ስምንት ዓመት ሙሉ ተጨቃጭቋል።

ሲከራከሩ የሰማ ሰው ሊደባደቡ ነው ብሎ ይሰጋል። ክብሮም የእናንተ ጎንደር የእኛን ሁለት ሦስት ቀበሌ አይሞላም ይላል፤ ቢረሳው ደግሞ የእናንተ ሰው ብስክሌቱን ሲወለውል ልጅ መውለዱን ረስቷል ብሎ ይመልሳል። አንድ ቀን ነገሩ ከአፍ አልፎ ወደ ሒሳብ ሄደ። ቢረሳው የ1976ቱን የሕዝብ ቆጠራ መነሻ አድርጎ፣ የሁለቱን ከተሞች ዕድገት በግምት አስቀምጦ፣ ሲያባዛ አምሽቶ ጎንደር አስመራን በ2037 ዓ.ም. እንደምትቀድማት ደረሰበት። ክብሮም የደብተር ወረቀቱን አገላብጦ አየና «እጠብቅሃለሁ» አለ። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ከግድግዳው ጽሑፍ ጎን በሚስማር እንደተሰቀለ አለ።

አሁን ግን ሰኔ 1985 ነው። አስመራ ባለፈው ወር የሌላ አገር ዋና ከተማ ሆናለች። ካርቱም ያለው ያገሯ ሰው ስለ ነፃነቷ ድምፅ ሲሰጥ ክብሮምም ሄዶ ሰጥቷል፤ ምን ብሎ እንደሰጠ ቢረሳው አልጠየቀውም። ከዚያ ወዲህ አልጋና ፍራሽ የጫኑ ሎሪዎች በድንበሩ ከተማ በከሰላ በኩል ወደ አገር ይወጣሉ። ክብሮም ይሄድ እንደሆነም አልጠየቀም። ፈርቶ ነው። በዚህ ሁሉ ከተማ ውስጥ እንደ ክብሮም የሚያበሽቀው ወዳጅ የለውም።

ስለ ጽሑፉ የወላጆች ተወካይ የሆኑትን ወይዘሮ ምንዳዬን አማክሮ ነበር። እሳቸውም ማንንም የማያስከፋውን ጻፉ ብለው ቀለሙን አስረክበው ሄዱ። ማንንም የማያስከፋ ከተማ ከየት እንደሚመጣ አልነገሩትም።

ቢረሳው ነገሩ ዞረበት። አስመራ ቢል ክብሮም ወረፋ ጠብቆ የሰጠውን ድምፅ ከምንም አልቆጠረለትም ማለት ነው። እስከ ዛሬ ሦስተኛ የነበረችውን ድሬዳዋን ቢል ደግሞ በገዛ አፉ ሂድልኝ ያለው ይመስላል። አስመራ እንደሆነች አንድ ሰው አልጎደለባትም፣ ከቦታዋም ንቅንቅ አላለችም። ታዲያ ትናንት ሁለተኛ የነበረች ዛሬ ስንተኛ ናት?

«ያላ መምህር፣ ቀለሙ ደረቀ» አለ ክብሮም።

«አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ጸሐፊ ነኝ። ያልከኝን ነው የምጽፈው።» ከዚያ ወደ ታች ሳያይ፣ ለግድግዳው የሚያወራ ይመስል፣ «አስመራ ያለችው እናቴ ዓይኗ ደክሟል አሉኝ» አለ።

ቢረሳው መሰላሉን ጠበቅ አደረገ። «ድሬዳዋ በል» አለ። ቃሉ ከአፉ እንዴት እንደወጣ ለራሱም አልገባውም፤ ወዲያው መልስልኝ ቢል በወደደ።

ክብሮም ጻፈ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ብሩሹን እንደገና ነከረና «3ኛ ጎንደር» ብሎ ጀመረ። ሲጨርስ ቢረሳው አንጋጦ አየ። ፊደሏ ከሌሎቹ በአንድ ጣት ረዝማለች።

ስምንት ዓመት የተሟገተላት ጎንደር አንድ ሕፃን እንኳ ሳይወለድላት አንድ ደረጃ ወጣች። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ደስታ የሚባል ነገር ግን ፈልጎ አላገኘም።

ክብሮም የቀሩትን ከተሞች ቶሎ ቶሎ ጽፎ ወረደ፤ እጁን በነጭ ጋዝ ጠረገ። ከዚያ ወደ ሚስማሩ ሄዶ የደብተር ወረቀቱን ነቀለና ሁለት ቦታ አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ሎሪው የሚነሳው እሁድ ነው፣ ኢንሻላህ» አለ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «ስትቀድሙን ማን ይነግረኛል?»

ቢረሳው ግምቱ ከእንግዲህ እንደማይሠራ፣ ሁለቱን ከተሞች አንድ መንግሥት እንደማይቆጥራቸው ሊነግረው ፈለገ። ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ ሊለውም ፈለገ። ከሁለቱ የቱን እንደሚያስቀድም ሲያሰላስል የክብሮም ነጠላ ጫማ ድምፅ ከግቢው አልፎ መንገዱ ላይ ካለው የአውቶቡስ ጩኸት ጋር ተቀላቀለ።

ቢረሳው መሰላሉን በሁለት እጁ አጥብቆ እንደያዘ ቆሞ ነበር። መሰላሉ ላይ ማንም አልነበረም።