በግራ በኩል

ሽማግሌው ኮርቻ ሰሪ ኮርቻውን ከባዝራዋ ጀርባ በቀስታ አነሱና ገልብጠው ለጋላቢዋ አሳዩዋት። ከግልቢያው በፊት የባዝራዋ ጀርባ ላይ የጠመኔ ዱቄት ነስንሰው ነበር፤ ዱቄቱ አሁን ከኮርቻው ስር ተጋብቶ በግራ በኩል እንደ ወተት ነጥቷል፣ በቀኝ በኩል ግን እንደ ጉም ሳስቷል። በጋጣው መስኮት በገባው ብርሃን ውስጥ የተረፈው ዱቄት ይዋኝ ነበር፤ ባዝራዋም በቁሟ የምታልም ይመስል ዓይኗን ከደን አድርጋ ቆማለች።

"ጋሼ፣ ይሄም አልሆነም ማለት ነው?" አለች ጋላቢዋ ቅስሟ ተሰብሮ። ፈረስ በተለካ እርምጃ ለሚታይበት የስልት ግልቢያ የሚሆን፣ ለእሷም ለባዝራዋም የሚስማማ፣ አቅሟም የሚችለው ኮርቻ ስትፈልግ ከርማለች። የሞከረችው ሁሉ የባዝራዋን ግራ ጎን እየቆረቆረ ስለመለሰችው፣ ኮርቻ ሻጮች ከሩቅ ሲያዩዋት በር መዝጋት ብቻ ነበር የቀራቸው።

"ኮርቻው ምን በወጣው! ለሁለታችሁም ልክክ ብሏል" አሉ ሽማግሌው። "የምታዘነብዪው አንቺ ነሽ። ለመሆኑ ልጄ፣ ስትጋልቢ የምታዳምጪው ማንን ነው?"

ስቃ ልታልፈው ስትል አባቷ ትዝ አላት። ልጅ ሳለች አባቷ በግራዋ እየተራመደ፣ ፈረሱ እንዳይደነግጥ በሹክሹክታ ነበር ግልቢያ ያስተማራት፤ እሷም ቃሉ እንዳያመልጣት ዘንበል ትልለት ነበር። አባቷ ካረፈ ግን ዓመታት አልፈዋል።

ኮርቻው ተመልሶ ተጫነ፤ ወጥታ ተቀመጠች። የባዝራዋ የግራ ጆሮ፣ የምትሰማው ነገር ያለ ይመስል፣ ቀስ ብሎ ዞረ።

"አባዬ፣ ትንሽ ጮክ በል" አለች ጋላቢዋ በልቧ፤ ቀናም አለች።